«የማይዝግ» የሚባለው ብረትም ይዝጋል፦ አሲድ የባዮጋዝና የኢታኖል ዕቃዎችን እንዴት ይበላል? መከላከያውስ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር፦ ጉድጓዱ ሳይሰነጠቅ፣ እበቱ ሳያንስ፣ ጋዙም ሳይጎድል የባዮጋዝ ምድጃ ከአገልግሎት ውጭ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ በዝገት የተበላ የጋዝ መክፈቻ፣ የጠቆረ የነሐስ መጋጠሚያ ወይም ቀዳዳዎቹ የተደፈኑ ማንደጃ ሊሆን ይችላል። ብዙ ገንዘብና የቤተሰብ ጉልበት የፈሰሰበት ሥራ በአንዲት ትንሽ ብረት ምክንያት ይቆማል፤ የቤቱ እመቤትም ወደ ማገዶ ለቀማና ወደ ጭስ ይመለሳሉ።

ከሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት ኢታኖል የሚያመርቱ ትልልቅ ፋብሪካዎችም የሚታገሉት ከዚሁ ጠላት ጋር ነው። ጠላቱ አሲድ ነው። ከእበት፣ ከሞላሰስ፣ ከጉሎ ዘይት ወይም ከገለባ ነዳጅ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ አሲድ በአንድ መልኩ ይገኛል፤ ያገኘውንም ብረት ቀስ እያለ ይበላል።

ለዚህ ችግር በገበያ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል ነው፦ ስቴይንለስ ስቲል። ቃሉ ሲተረጎም «የማይዝግ ብረት» ይባላል። ነገር ግን ስሙ ከሥራው በላይ ተስፋ ይሰጣል። የማይዝግ ብረት የሚጠብቀው ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ከተነካ እርሱም ይዝጋል። ስለዚህ ገዢ ሊጠይቀው የሚገባው «ስቴይንለስ ነው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «የትኛው ዓይነት ነው? እንዴት ተበየደ? እንዴትስ ይያዛል?» የሚለውን ጭምር ነው።

የማይታየው ካባ

ተራ ብረት ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ዝገት ይፈጥራል። ይህ ዝገት ልል፣ የሚረግፍና ውሃ የሚያሳልፍ ነው። አንዱ ቅርፊት ሲረግፍ ሥሩ ያለው ብረት ይጋለጣል፤ እርሱም በተራው ይዝጋል። ብረቱ ተበልቶ እስኪያልቅ ድረስ ሂደቱ አይቆምም።

ስቴይንለስ ስቲል ከተራው ብረት የሚለየው ክሮሚየም በተባለ ማዕድን ነው። ከጠቅላላ ክብደቱ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም የያዘ ብረት የማይዝግ ተብሎ ይመደባል። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ በብረቱ ገጽ ላይ ጥብቅ ሽፋን ይሠራል። የሽፋኑ ውፍረት ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአንድ የፀጉር ዘለላ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ የቀጠነ ማለት ነው። በዓይን አይታይም፤ የምናየው የብረቱን አንጸባራቂ ገጽ ነው። ሽፋኑ ሲጫር ግን ክሮሚየሙ እንደገና ኦክስጅን ስቦ ጭረቱን ይደፍናል። ልክ የተጫረ ቆዳ ራሱን እንደሚያድን ነው።

ይህ ባሕርይ በሰፊው መታወቅ የጀመረው ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪየርሊ የተባለ የብረት ባለሙያ ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ጠንካራ ብረት ሲፈልግ፣ ክሮሚየም የበዛበት ብረት በአሲድ እንደማይበላ ተመለከተ። በሆምጣጤና በሎሚ ጭማቂም ፈተነው። ሼፊልድ በቢላዋና በማንኪያ ሥራዋ የታወቀች ከተማ ስለነበረች አዲሱ ብረት ወደ ማዕድ ቤት ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ሽፋኑ ራሱን የሚጠግነው ኦክስጅን ሲያገኝ ብቻ ነው። አየር በማይደርስበት፣ አሲድ በበዛበት ወይም ጨው በተከማቸበት ስፍራ ጭረቱ ሳይድን ይቀራል፤ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል።

አሲዱ ከየት ይመጣል?

አሲዳማ መሬታቸውን በኖራ የሚያክሙ አርሶ አደሮች የአሲድን ልክ ያውቁታል። ልኩ ፒኤች በሚባል መለኪያ ይነገራል። 7 ማለት ገለልተኛ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። ቁጥሩ በአንድ ሲቀንስ አሲድነቱ በአሥር እጥፍ ይጨምራል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች የወረደ አፈር ለብዙ ሰብል አስቸጋሪ ነው። በደንብ የቦካ የእንጀራ ሊጥ 4 አካባቢ ይሆናል፤ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ ወደ 2 ይጠጋል።

በነዳጅ ሥራ ውስጥ አሲዱ በተለያየ መንገድ ይመጣል።

የመጀመሪያው ባዮጋዝ ነው። በማብላያው ጉድጓድ ውስጥ ያለው እበት ራሱ ብርቱ አሲድ አይደለም፤ ፒኤቹ ወደ 7 ካልተጠጋ ጋዙን የሚያመርቱት ረቂቅ ተሕዋስያን ይዳከማሉ። አሲዱ ያለው በጋዙ ውስጥ ነው። ከባዮጋዝ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚነደው ሚቴን ሲሆን፣ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከእነርሱ ጋር በጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ በመቶ በታች፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ የገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይገኛል። ከጉድጓዱ ሞቆና እርጥበት ይዞ የወጣው ጋዝ በቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ውሃ ጠብታ ይለወጣል። ሁለቱ ጋዞች በዚህ ጠብታ ውስጥ ሲሟሙ ደካማ አሲድ ይሆናሉ። ጋዙ ሲነድ ደግሞ ሰልፋይዱ ወደ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ይህም በማንደጃው ቀዝቃዛ ክፍል ላይ ካለ እርጥበት ጋር ሌላ አሲድ ይፈጥራል። መዳብና ነሐስ በዚህ ጋዝ ይጠቁራሉ፣ ይበላሉ። ተራ ብረትም እንዲሁ።

ሁለተኛው ኢታኖል ነው። በአገራችን ፊንጫ እና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኢታኖል ሲያመርቱ ቆይተዋል፤ ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር መቀላቀልም በ2001 ዓ.ም በ5 በመቶ ተጀምሯል። ሞላሰስ በውሃ ቀጥኖ በእርሾ ይብላላል፤ ነገሩ ከጠላ ጥንስስ ብዙ አይርቅም። ጎጂ ተሕዋስያን እንዳይራቡ በዚህ ኢንዱስትሪ ብዙ ጊዜ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመራል፤ ጥንስሱም ከ4 እስከ 5 ባለው ፒኤች ይብላላል። ኢታኖሉ በሙቀት ተንኖ ከወጣ በኋላ ከሥር የሚቀረው ጥቁር ፈሳሽ ቪናስ ይባላል። ለአንድ ሊትር ኢታኖል አሥር ሊትርና ከዚያ በላይ ቪናስ ይወጣል። ፈሳሹ ትኩስ፣ አሲዳማና ከሞላሰሱ የመጣ ክሎራይድ የተባለ ጨው ያለበት ነው። ለብረት ከዚህ የከፋ ድብልቅ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ባዮዲዝል ነው። ከጉሎ፣ ከጃትሮፋ ወይም ብዙ ጊዜ ከተጠበሰበት ዘይት ሲሠራ፣ አሲዱ የበዛ ዘይት በቅድሚያ በሰልፈሪክ አሲድና በሜታኖል ይታከማል። የተጠናቀቀው ባዮዲዝልም ቢሆን ከመዳብ፣ ከነሐስና ከዚንክ ጋር አይስማማም፤ ዕቃውን ከመጉዳቱ በላይ ነዳጁ ራሱ ቶሎ ይበላሻል።

አራተኛው ገለባና የእንጨት ተረፈ ምርት ነው። ከገለባ ኢታኖል ለማውጣት አንዱ መንገድ ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ጨምሮ ከ140 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ማሞቅ ነው። እንጨትን ያለ አየር አግሎ የሚገኘው ዘይት ደግሞ አሴቲክና ፎርሚክ አሲድ ስላለበት ፒኤቹ ከ2 እስከ 3 ይደርሳል።

ካባው የሚቀደድባቸው መንገዶች

አንደኛው የአሲዱ ብርታትና ሙቀት ነው። ቀዝቃዛና ቀጭን ሆምጣጤ ስቴይንለስ ስቲልን አይጎዳም፤ የፈላና የጠነከረ ሆምጣጤ ግን ዝቅተኛውን ዓይነት ይጎዳል። ሰልፈሪክ አሲድ ከዚህም የተለየ ጠባይ አለው። በጣም የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ በተራ ብረት ታንከር ሊቀመጥ ይችላል፤ በውሃ ሲቀጥን ግን ያንኑ ብረት በፍጥነት ይበላል። «ትንሽ ነው፣ ቀጭን ነው» ተብሎ የሚናቀው አሲድ ጉዳቱ የሚከፋው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጨው ነው። በገበታ ጨው፣ በበረኪናና በሞላሰስ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሽፋኑን በአንድ ነጥብ ወግቶ ያልፋል። ከዚያች ነጥብ ሥር ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። ላዩ እያንጸባረቀ ውስጡ እንደተቦረቦረ ጥርስ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ዝገት አደገኛ የሚሆነው ፈሳሹ ወይም ጋዙ እስኪያፈስ ድረስ ስለማይታይ ነው።

ሦስተኛው አየር ማጣት ነው። ከጎሚኒ ሥር፣ በጥርስ ማያያዣና በሁለት ላሜራዎች መካከል፣ እንዲሁም በዝቃጭ ሥር ኦክስጅን አይገባም። ሽፋኑ በዚያ ራሱን መጠገን አይችልም።

አራተኛው ብየዳ ነው። ስቴይንለስ ስቲል ሲበየድ ከ450 እስከ 850 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየ፣ በውስጡ ያለው ካርቦን ክሮሚየሙን ይስብና ከብየዳው ጎን ያለው መስመር ከክሮሚየም ይራቆታል። በብየዳው ዙሪያ የሚታየው ሰማያዊና ቡናማ ቀለምም ገጹ መጎዳቱን ያመለክታል። በዚያ ላይ በያጁ ተራ ብረት ባሸበት ሽቦ ብሩሽ ወይም በሞረደበት ዲስክ ስቴይንለሱን ከነካው የተራ ብረት ብናኝ ይጣበቅበታል፤ ዝገቱም ከብናኙ ይጀምራል። ብዙ «አዲስ ሆኖ ዛገ» የሚባል ዕቃ ታሪኩ ይኸው ነው።

ሁሉም ስቴይንለስ አንድ አይደለም

በገበያ ዘወትር የሚገኘው 304 ተብሎ የሚጠራው ዓይነት ነው። 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ለወተት ዕቃ፣ ለውሃ ታንከር፣ ለማዕድ ቤት፣ ለባዮጋዝ ምድጃና ለመጋጠሚያ ይበቃል። በትኩስ አሲድና በጨው ላይ ግን አቅሙ የተወሰነ ነው።

316 የተባለው ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብደነም ይጨመርበታል። ሞሊብደነም ሽፋኑን ጨው እንዳይወጋው ያጠነክራል። ክሎራይድ ላለበትና ለሚሞቅ አሲዳማ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ለቪናስ፣ ከ304 የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለብየዳ ሥራ ደግሞ ካርቦናቸው ዝቅ ያለ 304ኤል እና 316ኤል የሚባሉት ይመረጣሉ፤ ከላይ የተገለጸውን የብየዳ ጉዳት ይቀንሳሉ።

430 የሚባለው ኒኬል የሌለው በመሆኑ ርካሽ ነው። ለደረቅ ቦታ ያገለግላል፤ ለአሲድ ግን አይበረታም። 201 የተባለው ደግሞ ከኒኬሉ ከፊሉ በማንጋኒዝ የተተካ ሲሆን፣ ሲታይ ከ304 አይለይም፤ ዝገትን የመቋቋም አቅሙ ግን ያነሰ ነው።

ከእነዚህ በላይ ለከፋ ቦታ የሚሠሩ አሉ። ዱፕሌክስ የሚባለው ዓይነት 22 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው። ገለባ በትኩስ ሰልፈሪክ አሲድ ለሚቀቀልበት ጋን ግን 316ም አይበቃም፤ በኒኬል የበለጸጉ ውሕዶች ወይም ዚርኮኒየም ያስፈልጋሉ። ከገለባ ነዳጅ ማውጣት ውድ ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የጋኑ ዋጋ ነው።

በገበያ ብዙ ሰው ማግኔት ይዞ ይፈትናል። ማግኔቱ በብርቱ ከተያዘ ዕቃው 304 ወይም 316 ላይሆን ይችላል፤ 430 ወይም ተራ ብረት መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ማግኔቱ ካልተያዘ ግን ጥሩ ዓይነት መሆኑን አያረጋግጥም፤ 201ም ማግኔት አይስብምና። 304ም ቢሆን በታጠፈበትና በተቀጠቀጠበት በኩል በጥቂቱ ሊስብ ይችላል። አስተማማኙ መንገድ በዕቃው ወይም በላሜራው ላይ የታተመውን ቁጥር ማየት፣ ቁጥሩንም በደረሰኝ ላይ ማስጻፍ ነው።

በባዮጋዝ ቤት ምን ይደረግ?

ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል ከተጀመረ ወዲህ ብዙ አርሶ አደሮች የማብላያ ጉድጓድ ባለቤት ሆነዋል። ጉድጓዱ በድንጋይና በሲሚንቶ ስለሚሠራ ብዙ ዓመት ይቆያል። ቀድሞ የሚደክመው የብረቱ ክፍል ነው። ዕድሜውን ለማራዘም የሚከተሉትን ማድረግ ይቻላል።

በመጀመሪያ፣ ውሃው ይውጣ። ቧንቧው ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው እንዲያዘቀዝቅ ሆኖ ይዘርጋ፤ የተጠራቀመው ውሃም በየጊዜው ይፍሰስ። ውሃ ከሌለ አሲድ አይኖርም።

ቀጥሎ፣ ፕላስቲክ በሚሆንበት ቦታ ፕላስቲክ ይሁን። ለረጅሙ መስመር የተቀበረ የፕላስቲክ ቧንቧ ርካሽ ነው፤ በዚህ አሲድም አይበላም። ፀሐይ ስለሚያደርቀውና ስለሚሰነጥቀው ግን ተገልጦ መቅረት የለበትም። የማይዝግ ብረት ዋጋው የሚካካሰው በመክፈቻው፣ በመጋጠሚያውና እሳት በሚነካው ማንደጃ ላይ ነው።

ሦስተኛው ጋዙን ማጣራት ነው። እዚህ ላይ የዝገት ሌላ ፊት ይታያል፤ ተራ የዛገ ብረት ሃይድሮጂን ሰልፋይድን ይይዛል። የዛገ የብረት ብናኝ ወይም የዛገ ቀጭን ሽቦ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ጋዙ ሲያልፍ ሰልፋይዱ ከዝገቱ ጋር ተዋሕዶ ይቀራል፤ ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ሲለወጥ ማጣሪያው ሞልቷል ማለት ነው። አንጸባራቂው የስቴይንለስ ዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሚፈለገው ዝገቱ ነውና። የጠቆረው ብረት ወደ አየር ሲወጣ ሊግልና ሊቀጣጠል ስለሚችል እርጥብ ሆኖ፣ ከቤት ውጭ፣ ከገለባና ከድርቆሽ ርቆ መዘርጋት አለበት። ማጣሪያውን የሚገጥመውም የባዮጋዝ ባለሙያ ይሁን።

አራተኛው ፍሳሽን መከታተል ነው። መጋጠሚያዎች በሳሙና አረፋ ይፈተሹ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ እያመለጠ ነው። ፍሳሽ በክብሪት ፈጽሞ አይፈተሽም። የገማ እንቁላል ሽታ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ነገር ግን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ራሱን ያደነዝዛል። ሽታው በድንገት ቢጠፋ ጋዙ ጠፋ ማለት ላይሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ሽታ ከተሰማ እሳት ሳይለኮስ፣ የመብራት ማብሪያም ሳይነካ ዋናውን መዝጊያ መዝጋት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ሰውን ማውጣት ያስፈልጋል። ወደ ማብላያው ጉድጓድ ደግሞ ሰው ሊገባ አይገባም፤ የወደቀን ለማውጣት ተከትሎ የገባም አብሮ ይሞታልና።

ለበያጆችና ለገዢዎች

በከተማ ያሉ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ለወተት፣ ለዘይት፣ ለኢታኖል ምድጃና ለማከማቻ ጋን ስቴይንለስ ይበይዳሉ። ለስቴይንለስ የሚያገለግለው ብሩሽና ዲስክ ለብቻው ይለይ። የብየዳ ዘንጉ ለብረቱ ዓይነት የተሠራ ይሁን፤ 304 በ308፣ 316 በ316 ዘንግ ይበየዳል። የብየዳው ቀለምና ቆሻሻ ሳይጸዳ ዕቃው ለአሲድ ሥራ መሰጠት የለበትም።

በቤት ደግሞ ስቴይንለስ ዕቃ በበረኪና ተዘፍዝፎ አይደር፤ ጨው ያለበት ምግብም ለቀናት አይቀመጥበት። በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ አየር ማግኘቱ ለሽፋኑ ይበቃዋል። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ክዳኑ የጠበቀ ይሁን፤ ዚንክ በተቀባ ጋን ውስጥም አይቀመጥ።

የፋብሪካው ጉዳይ ለአርሶ አደሩም ሩቅ አይደለም። ቪናስ የሚያልፍበት ቧንቧ ወይም ጋን ተበልቶ ካፈሰሰ ፈሳሹ ወደ ወንዝ ሲገባ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣ ይሞታል፣ ከብት የሚጠጣው ውሃም ይበላሻል። በአግባቡ ከተያዘ ግን ፖታሲየም ስላለው በልክ ተቀጥኖ ለማሳ ማዳበሪያ መሆን ይችላል። ያው ፈሳሽ ጉዳት ወይም ጥቅም የሚሆነው በያዘው ብረት ጥንካሬና በተቆጣጣሪው ትጋት ነው።

ለገዢ የሚቀረው ስሌቱ ነው። 316ን በሁሉም ቦታ ማድረግ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ተራ ብረትን በአሲድ ቦታ ማድረግም በየዓመቱ ደግሞ መግዛት ነው። ፈሳሹ ወይም ጋዙ ምን እንደያዘ፣ ምን ያህል እንደሚሞቅና ጨው እንዳለበት አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከዚያ ብረቱን መምረጥ ይሻላል። የባዮጋዝ ባለቤት የሆነ ቤተሰብም ከዚህ ክረምት በፊት መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቢፈትሽ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውንም ቢያፈስስ፣ ወጪው አንድ ቁራጭ ሳሙና ብቻ ነው።